ሞንት ብላንክን በእግር መዞር፦ የሚፈራውና ሊፈራ የሚገባው

በአውሮፓ የሚኖር ኢትዮጵያዊ «ዘንድሮ ዕረፍቴን ከተራራ ተራራ ስዞር ላሳልፍ ነው» ካለ ከወዳጅ ዘመድ ሁለት ዓይነት መልስ ይደርሰዋል። አንዱ «ምን በወጣህ! በገመድ ተንጠልጥለህ ልትሞት ነው?» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ደጋ ተወልደን ያደግን ሰዎች፣ የፈረንጅ ተራራ ምን ያደርገናል?» ብሎ ይስቃል። የመጀመሪያው የማያስፈራውን ይፈራል፤ ሁለተኛው የሚያስፈራውን ይንቃል። ስለ ሞንት ብላንክ ዙሪያ የእግር ጉዞ የሚወራው የተሳሳተ ወሬ አብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ ከአንዱ የሚመዘዝ ነው።

ጉዞው እንዲህ ነው፦ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ስዊዘርላንድ የሚገናኙበትን የሞንት ብላንክ ተራራ ሰንሰለት ከብቦ የሚዞር የእግር መንገድ አለ። ርዝመቱ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዳገቱ ሁሉ ሲደመር ወደ 10,000 ሜትር ይደርሳል። ብዙ ሰው ፈረንሳይ ውስጥ ካለችው ሌዙሽ መንደር ተነስቶ በ10 ወይም በ11 ቀን ዞሮ እዚያው ይመለሳል። ማታ ማታ የሚያድረው በሸለቆ መንደሮችና በተራራው ወገብ ላይ በተሠሩ ማረፊያ ቤቶች ነው። የስሜን ተራሮችን የሚያውቅ አንባቢ ከደባርቅ ስካውት ሳይዙ መግባት እንደማይቻል ያስታውሳል። እዚህ ግን ስካውትም፣ አስጎብኚም፣ የመግቢያ ትኬትም አያስፈልግም። ቦርሳህን አዝለህ ምልክቱን እየተከተልክ መሄድ ነው።

«ተራራ መውጣት ስለሆነ ገመድና የበረዶ መሣሪያ ይፈልጋል»

አይፈልግም። መንገዱ ተራራውን ይዞረዋል እንጂ ጫፉ ላይ አይወጣም። ከ4,800 ሜትር በላይ የሆነውን ጫፍ መጀመሪያ የረገጡት ዣክ ባልማና ሐኪሙ ሚሼል ፓካር ሲሆኑ፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1786 ነው። የጄኔቫው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሆራስ ቤኔዲክት ደ ሶስዩር ግን ከዚያ 19 ዓመት ቀድሞ፣ በ1767፣ ተራራውን በዙሪያው ዞሮታል። መዞርና መውጣት ያኔም የተለያዩ ሥራዎች ነበሩ።

እጅ የሚጠይቅ ቦታ የለም ማለት ግን አይደለም። ወደ መጨረሻው ላይ፣ ከትሬ ለ ሻምፕ ወደ ላ ፍሌዠር በሚወስደው መንገድ፣ ገደሉ ላይ የተተከሉ የብረት መሰላሎች አሉ። ከፍታ የሚያዞረው ሰው በኮል ዴ ሞንቴ በኩል ዞሮ ሊያልፋቸው ይችላል። ሌላው ወቅቱ ነው። ማረፊያ ቤቶቹ የሚከፈቱት ጁን አጋማሽ አካባቢ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከፍ ባሉት የተራራ መሻገሪያ በሮች ላይ የክረምቱ በረዶ ገና አልሟሸሸም። ጠዋት ጠዋት እንደ መስታወት የሚያንሸራትት በረዶ ላይ በተራ ጫማ መሻገር ቀልድ አይደለም። ይህን ለመሸሽ መድኃኒቱ መሣሪያ መግዛት ሳይሆን ጉዞውን ወደ ጁላይ አጋማሽ መግፋት ነው።

«የደጋ ሰው ነን፤ ከፍታው አይነካንም»

ግማሹ እውነት ነው፤ ያውም ከተባለው ምክንያት ውጭ። ከፍታው ማንንም ብዙ የሚነካ አይደለም። ከጣሊያን ወደ ስዊዘርላንድ የሚያሻግረው ግራን ኮል ፌሬ የተባለው በር 2,537 ሜትር ነው። አማራጭ መንገድ የሚመርጡ ሰዎች የሚያልፉባቸው ኮል ዴ ፉርና ፌኔትር ዳርፔት ደግሞ 2,665 ሜትር ይደርሳሉ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 በላይ ነው። እንግዲህ የመንገዱ ትልቁ በር ከእንጦጦ ያንሳል፤ የሚታደረውም በአብዛኛው ከፒያሳ ዝቅ ባለ ቦታ ነው። በሌላ በኩል ሰውነት ከፍታን የለመደው በአብዛኛው እዚያ ስለኖረ ነው። ሮተርዳም ወይም ሃምቡርግ ለዓመታት የኖረ ሰው ከባሕር ዳርቻ ሰው ብዙ አይለይም፤ ደጋ ያፈራው ደም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቆላው ልክ ይመለሳል።

ሰውን የሚጥለው ቁልቁለቱ ነው። 10,000 ሜትር የወጣ ሰው 10,000 ሜትር ይወርዳል፤ ይህን ሒሳብ ቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው። አሬት ዱ ሞን ፋቭር ከተባለው ጫፍ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ ቆመህ ከታች ያለችውን የጣሊያን ከተማ ኩርማዬርን ስታስብ ደረስኩ ትላለህ። ከተማዋ ግን 1,224 ሜትር ላይ ናት። 1,200 ሜትር በአንድ ከሰዓት ሲወረድ መጀመሪያ ጭን ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ጉልበት ያብጣል፣ ከዚያ የእግር ጣት ጥፍር ከጫማው አፍንጫ ጋር እየተጋጨ ይጠቁራል። በከተማ ሩጫ የሚኩራራ ሰው እዚህ ሲያነክስ፣ በ60ዎቹ ያሉ ባልና ሚስት ሁለት ሁለት ዱላ ይዘው ቀስ እያሉ ሲያልፉት ማየት የተለመደ ነው። ለዝግጅት የሚረዳው ፎቅ ቤት ደረጃ ላይ ቦርሳ አዝሎ መውጣትና በተለይ መውረድ ነው፤ ሊፍቱን ለሌላ ሰው ተውለት።

«20 ኪሎ ሜትር ምን አላት? በአራት ሰዓት እጨርሰዋለሁ»

በዚህ መንገድ ኪሎ ሜትር የሚጠይቅ ሰው አዲስ መሆኑ ይታወቅበታል። ስዊዘርላንድ ውስጥ መንታ መንገድ ላይ የተተከለውን ቢጫ ሰሌዳ ብታይ የሚነግርህ ርቀቱን አይደለም፤ የቦታውን ስም፣ ከፍታውንና በእግር የሚወስደውን ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ደግሞ ሳያርፍ ለሚሄድ ሰው የተሰላ ነው፤ ምሳ፣ ፎቶ፣ ጫማ ማሰር፣ ልብስ መቀየር ከላይ ይጨመራል። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 ያወጣት ሒሳብ ዛሬም ትሠራለች፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። ቦርሳ ላዘለ ሰው ይህችም ቸኩላለች፤ በአልፕስ ብዙ ሰው በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሜትር ዳገት ይወጣል። በየዓመቱ ኦገስት መጨረሻ ላይ በዚሁ መንገድ በሚካሄደው ሩጫ የሚያሸንፉት ወንዶች ዙሩን በ20 ሰዓት ገደማ ስለሚጨርሱት ቀላል የሚመስለው አለ። እነሱን መስፈሪያ ማድረግ ግን ማራቶን በሁለት ሰዓት የሚሮጠውን አይቶ ታክሲ እንደመተው ነው።

ሰዓቱ የሚያስፈልገው ለኩራት አይደለም። በጁላይና በኦገስት ብዙ ጊዜ ጠዋቱ ጠራርቶ ይውላል፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከመርና መብረቅ ይወርዳል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ትልቁን በር ከስድስት ሰዓት በፊት ያልፋል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል። በጠዋት መነሳት የሚከብደው ሰው ይህን ጉዞ ሳይጀምር ቢያስብበት ይሻለዋል።

«ማረፊያ ቤቱ የተራራ ሆቴል ነው፤ ስደርስ እይዛለሁ»

ከሁሉም ወሬ ብዙ ሰው የሚያስለቅሰው ይህኛው ነው። በወቅቱ አጋማሽ ያለ ቀጠሮ የሚመጣ ሰው አልጋ ማግኘቱ ያጠራጥራል፤ የሚቀጥለው ማረፊያ ደግሞ ሌላ ሦስት ሰዓት ሊርቅ ይችላል። ተፈላጊዎቹ ቤቶች ቦታ መያዝ የሚጀምሩት ከወራት በፊት፣ ብዙዎቹ ገና በአውሮፓ መኸርና ክረምት ነው። አንዷ ሌሊት ሞልታ ከተገኘች የቀሩት ሁሉ አብረው ይናጋሉ። «ያለ መሪ» ማለት «ያለ ዕቅድ» የመሰላቸው ሰዎች የሚወድቁት እዚህ ነው፤ መሪ የሚሠራው ሥራ ሁሉ በአንተ ላይ ነው የሚያርፈው።

ቤቱ ምን ይመስላል? በሩን አልፈህ ስትገባ መጀመሪያ የጫማ ክፍሉን ታገኛለህ፤ የረጠበ ቆዳና የካልሲ ሽታ እንደ ጭስ ይቀበልሃል። ጫማህንና ዱላህን እዚያ ትተህ ከመደርደሪያው የጋራ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ታነሳለህ። የቤቱ ኃላፊ ከመዝገቡ ላይ ስምህን አግኝታ ትሰርዝና የአልጋ ቁጥር ትሰጥሃለች። ክፍሉ ከስድስት እስከ ሃያ ሰው የሚያድርበት ተደራራቢ አልጋ ነው። ብርድ ልብስና ትራስ አለ፤ እንደ ከረጢት የተሰፋ ስስ አንሶላ ግን ራስህ ይዘህ መምጣት አለብህ። በብዙዎቹ ቤቶች የሞቀ ውሃ የሚገኘው ጥቂት ደቂቃ በምታፈስ ሳንቲም መሳይ ነገር ነው፤ ሳሙናህን ሳታለቀልቅ ውሃው ቢቆም ለማንም አቤት አይባልም። እራት ለሁሉም በአንድ ሰዓት፣ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። አራት ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚያንኮራፋውን ሰው የሚያስቆም ደንብ የለም፤ የጆሮ መድፈኛ ያዝ።

ዋጋው እራትና ቁርስን ጨምሮ ለአንድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ዩሮ ነው። «ለዚህ?» የሚል ሰው አንዳንዱ ቤት ሽንኩርቱ ሳይቀር በሄሊኮፕተር እንደሚመጣለት ይወቅ። ጥሬ ገንዘብ መያዝ ደግ ነው፤ ስዊዘርላንድ ሲደረስም ፍራንክ።

ምግቡን በተመለከተ ለእኛ ሰው ልዩ ጉዳይ አለ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ትገባለች፤ ያ ኦገስት 7 ነው፣ የወቅቱ እምብርት። የማረፊያ ቤት እራት ሥጋና አይብ ይወዳል። ጾመኛ ሰው አልጋውን ሲይዝ ከእንስሳት የተገኘ ምንም እንደማይበላ ቀድሞ ከጻፈ ብዙ ጊዜ ምስር ወይም ፓስታ በአትክልት ያገኛል፤ ማታ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከተናገረ ግን ዳቦና ሰላጣ ቢደርሰው አይገረም። ሙስሊም ወንድምና እህትም እንዲሁ፤ ሾርባው ውስጥ የአሳማ ሥጋ ሊገባ ስለሚችል «ሥጋ አልበላም» ብሎ መያዙ ይቀላል። በሶ መያዝ የሚያስበው አይሳሳትም፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በቀዝቃዛ ውሃም ይበጠበጣል። ከዚያ ውጭ ምግብ መሸከም ትርፉ ድካም ነው፤ ድንኳንም ማብሰያም ስለማያስፈልግ ቦርሳው ከ7 እስከ 10 ኪሎ መብለጥ የለበትም።

«አልጋ ካጣሁ ድንኳን እተክላለሁ» የሚለውም አያስኬድም። በጣሊያኑ በኩል በአኦስታ ሸለቆ ድንኳን የሚፈቀደው ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ያውም ከምሽት እስከ ንጋት ብቻ ነው። ሦስቱ አገሮች ሦስት ዓይነት ደንብ አላቸው።

«በእግር ለሚሄድ ሰው ድንበር የለም»

ለዓይን የለም። ኮል ደ ላ ሴኝ ላይ፣ 2,516 ሜትር ከፍታ፣ ፈረንሳይንና ጣሊያንን የሚለየው የድንጋይ ምልክት ነው፤ ዘበኛም ኬላም አይታይም። ሕጉ ግን ተራራው ላይም አለ። በሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ፈቃዱንና የታደሰ ፓስፖርቱን ወይም የስደተኛ የጉዞ ሰነዱን ይዞ ወደ ሌሎቹ መሻገር ይችላል። የጥገኝነት ጥያቄው ገና መልስ ያላገኘ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ካመለከተበት አገር መውጣት አይፈቀድለትም። ሸለቆ ውስጥ አውቶቡስ ላይ ፍተሻ ቢያጋጥመው «ስንሸራሸር ድንበሩን አላየሁትም» የሚለው መልስ አያድነውም። እንዲህ ያለ ሰው አንድ አገር ውስጥ የሚያልቅ ሌላ የተራራ መንገድ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ሦስቱም አገሮች ሞልቷቸዋል።

ድንበሩ ስልክ ላይም ይታያል። ስዊዘርላንድ ሸንገን ውስጥ ብትሆንም የአውሮፓ ኅብረት አባል ስላልሆነች የኅብረቱ የሮሚንግ ደንብ አያካትታትም። ካርታውን ቀድሞ ስልኩ ላይ ያላወረደ ሰው ግራን ኮል ፌሬን በተሻገረ ማግስት ሒሳቡን አይቶ ይደነግጣል።

«አንድ ነገር ቢፈጠር ሄሊኮፕተር ይመጣል»

ይመጣል፤ በሦስቱም አገሮች 112 መደወል ይቻላል። ሒሳቡ ግን አንድ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ የመንግሥት የተራራ ነፍስ አድን በአብዛኛው አያስከፍልም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ግን የሄሊኮፕተሩ ሒሳብ ቤትህ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ የጤና መድንህ የተራራ ነፍስ አድንን የሚሸፍን መሆኑን ከመነሳትህ በፊት ጠይቅ። ደግሞም አልጋ የያዝክበት ቤት ላትደርስ ከሆነ ደውለህ ተናገር፤ ኃላፊዋ ስምህን ያልሰረዘችው ከሆነ መንገድ ላይ የቀረህ ሊመስላት ይችላል።

«አውቶቡስ የያዘ ሰው አልዞረም»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ያልሄዱት ናቸው። ከኩርማዬር ወደ ቫል ፌሬ፣ በስዊዘርላንድም ከላ ፉሊ ወደ ሻምፔ አቅጣጫ፣ በሰመር አውቶቡስ አለ፤ እነዚህ ክፍሎች በአብዛኛው የሸለቆ መንገድ ናቸው። ጉልበቱ ያበጠ፣ ቀኑ ያነሰው ወይም ዝናብ የያዘው ሰው እዚያ ላይ ቢሳፈርና ጉልበቱን ለቀጣዩ በር ቢያቆይ የሚቀርበት ነገር ጥቂት ነው። የአውቶቡሱ ሰዓት ግን እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል፤ የማታውን የመጨረሻ መኪና ሰዓት ጠዋት ከመነሳት በፊት ማረጋገጥ ይሻላል።