ብረት ወደ አፈሩ ሲመለስ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የምትገኘው ጫጫ፣ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ የሚያድርባት፣ እሳት የማይነድበት ቤት እንደ ቤት የማይቈጠርባት ደጋ ናት። በዚያ የምትኖረው አክስቴ ከበርሜል ተቈርጦ የተበየደ፣ ኩበትም ባሕር ዛፍም የሚነድበት አሮጌ የብረት ምድጃ ነበራት፤ አምና የጭስ መውጫው ቱቦ ስለ ተነደለ፣ ምድጃው አመዱ ሳይጠረግ ጓሮ ወጥቶ ክረምቱን እዚያው ከረመና በመስከረም ብናየው ጐኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀርፎ፣ ሲነኩት ጣትን በቀይ ዱቄት ያቀልም ነበር። «ይኸንስ ልጄ፣ ለቁራሌው ስጥልኝ» አለችኝ።

ያ ዱቄት ቀይ አፈር መምሰሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ብረት በምድር ሆድ የሚገኘው በአብዛኛው ብቻውን ሳይሆን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ነው፤ ብረት አቅላጩ በከሰል ፍምና በወናፍ ከዚያ ውሕደት ለይቶ ያወጣዋል፤ ወንጌል ከብል ጋር አጣምሮ የሚያነሣው ዝገትም ብረቱ የተለየውን መልሶ አግኝቶ ወደ ቀደመ ባሕርዩ መመለሱ ነው። የቀደሙት መምህራን ሥጋዊ ፍጥረት ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተገኘ ያሉትን ትምህርት የዛሬው ኬሚስትሪ በዚያ መልኩ ባይቀበለውም፣ ለዝገት ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ እሳት የለያቸውን መሬትና ነፋስ፣ ውሃ አማላጅ ሆኖ ያስታርቃቸዋልና።

አማላጅነቱም እንዲህ ነው። ጠብታ ካረፈበት ብረት አንዱ ሥፍራ ኤሌክትሮን እየለቀቀ ይሟሟል፣ ሌላው ሥፍራ ያንኑ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ለኦክስጅን ያቀብላል፤ ምድጃው ሳናውቀው የባትሪ ድንጋይ ሆኗል ማለት ነው። የአሉሚኒየም ድስትም ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፣ ነገር ግን የሚፈጠረው ስስ ሽፋን ጥብቅ ስለ ሆነ የታችኛውን ይጠብቃል፤ የብረት ዝገት ግን ቀዳዳማ ነው፣ ከበላው ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝም ያብጥና ይቀረፋል፣ አዲስ ብረትም ለውሃ ይገለጣል። የኩበት አመድ ጨው አለበት፤ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፣ የዚያን ባትሪ ሥራም ያፋጥናል። የአክስቴ ምድጃ ከውጭው ይልቅ ከታች የተበላው በዚህ ነበር።

ለቁራሌው አልሰጠሁትም። ከቤት አርቄ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ (የአሮጌ በርሜል ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላልና ልጆች አይቅረቡት) በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት፤ ብሩሹ ባልደረሰበት ስርጉድ አቼቶ የነከረ ጨርቅ አሳድሬ፣ አጥቤ፣ ወዲያው በእሳት አደረቅሁት፤ እርጥብ ሆኖ ቢያድር በነጋታው እንደገና ብርቱካን መስሎ ይጠብቃልና።

ስሕተቴ ከዚህ በኋላ መጣ። ከበር የተረፈ የዘይት ቀለም ቀባሁት፤ በመጀመሪያው እሳት ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ፣ ቤቱም በክርፋት ተሞላ። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ለዘመናት ቀለማቸውን የለወሱበት የተልባ ዘይት፣ እንዲሁም የዛሬው የበር ቀለም ማጣበቂያ፣ መሠረታቸው ካርቦን ነውና በምድጃ ግለት ያርራሉ፤ ለምድጃ የሚሠራው ቀለም ግን ማጣበቂያው ሲሊኮን ስለ ሆነ አንዳንዱ እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይታገሣል። ተራው የዝገት መከላከያ ቀለም ከሥሩ መቀባት የለበትም፤ እርሱም አብሮ ይነዳል።

አክስቴ ግን ይህን ሁሉ አይታ ሣቀችና «ምጣድ እንደምናሟሽ አታሟሸውም ኖሯል?» አለች። ልክ ነበረች። ለምጣዱ የተቀጠቀጠ የጎመን ዘር እንደሚታሰስበት፣ በጸዳና በሞቀ ብረት ላይም ዘይት እጅግ ስስ ሆኖ ሲታሽ፣ ግለቱ ልከኛ እስከ ሆነ ድረስ ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር ተያይዞ ወደ ጥቁር፣ ጠንካራ ሽፋን ይለወጣል፤ እሳቱ በቀጥታ የሚልሰውን ክፍል ባይጠቅምም ለእግሩና ለጐኑ በቂ ነው። የምድጃ ቀለም ያገኘ ግን እርሱን በስሱ ሁለት ጊዜ ይቀባ፣ የመጀመሪያውንም እሳት በርና መስኮት ከፍቶ በጥቂት እንጨት ያንድድ።

ቀለሙም ዘይቱም ቢሆን አመድ ለታቀፈ ምድጃ አይረዳም፤ ሰኔ ሳይገባ አመዱን ጥረጉት።