ስቱዲዮው እና የጎጃም ትከሻ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች፣ በጥር የሠርግ ሰሞን ጭፈራ የሚጀምረው በመሣሪያ አይደለም። አንዷ ግጥሙን ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ጭብጨባው ይከተላል፣ ከበሮው ይገባል። ማሲንቆ ኖረም አልኖረም፣ ከዳሱ ጥግ ስፒከር ተተከለም አልተተከለም፣ ትከሻ የሚነሣው ጭብጨባና ከበሮ ሲገጥሙ ነው። በስቱዲዮ ተቀርጾ የጭፈራ አልበም ተብሎ የሚወጣ የአማርኛ ሥራም መመዘን ያለበት ይህን መግጠም ምን ያህል እንደሚያውቅ ታይቶ ነው ብዬ አምናለሁ። የድምፁ ጉልበትና የቅንብሩ አዲስነት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነኝ ከዚሁ ከጎጃም ምድር የወጣች ድምፃዊት ሥራ ነው፤ የእጅጋየሁ ሽባባው፣ የጂጂ።

ጂጂ የተወለደችባት ቻግኒ ከቡሬ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከእንጅባራ ተገንጥሎ ወደ መተከል በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ዛሬ በአዊ ዞን ሥር ናት። አማራው፣ አገው፣ ሺናሻውና ጉሙዙ የሚገናኙበት አካባቢ ነው። ልጅቷ በዚያ አድጋ፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማም የአገር ቤት ዘፈንም በጆሮዋ ይዛ፣ በኬንያ በኩል አሜሪካ ገባች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 በስሟ የተጠራው «ጂጂ» አልበም በፓልም ፒክቸርስ በኩል ወጣ። የኩባንያው መሥራች ክሪስ ብላክዌል ቦብ ማርሌይን ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች ዋናው ነው። የቅንብሩ ኃላፊ ደግሞ የባስ ተጫዋቹ ቢል ላስዌል ነበር። ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮ ሳንደርስና ሄንሪ ትሬድጊልን የመሳሰሉ የጃዝ ታላላቆችም ተሳትፈውበታል። በ2006 የተከተለው «ሰምና ወርቅ» ወደ ኤሌክትሮኒክ ድምፅና ወደ ጭፈራ ይበልጥ ያዘነበለ ነው። ስሙም የትውልድ አገሯን ያስታውሳል፤ ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች የጎጃም ናቸውና።

ነገሩን ለመረዳት ምቱን ራሱን መቁጠር ያስፈልጋል። በዓለም የጭፈራ ቤቶች የነገሠው ምት በአራት የሚቆጠር ነው፤ ትልቁ ከበሮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ሳያቋርጥ እኩል ይወርዳል። በ1970ዎቹ በአሜሪካ ዲስኮ ተስፋፋ፣ በ1977 ዶና ሰመርና ጆርጅዮ ሞሮደር ሙሉ ቅንብሩን ማለት ይቻላል በማሽን የሠሩትን ዘፈን አወጡ፣ በ1980ዎቹ ደግሞ የቺካጎ ዲጄዎች ሃውስ የተባለውን ስልት ፈጠሩ። የዘመኑ ድራም ማሽንም ለዚሁ የተመቸ ነበር፤ አንድ የምት ዙር በተለምዶ አሥራ ስድስት ቦታ ላይ ይደረደራል፣ እያንዳንዱም ምት በአራት ይከፈላል። የእኛ እስክስታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙዚቀኞቻችን ችክችካ በሚሉት አካሄድ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ምት በሦስት ይከፈላል። አራት ምት አሥራ ሁለት ቦታ ይይዛል ማለት ነው። በሁለት ምት ውስጥ ያሉትን ስድስት ንዑስ ምቶች ሁለት ጊዜ በሦስት፣ ወይም ሦስት ጊዜ በሁለት አድርጎ መስማት ይቻላል። እኔ እንደምረዳው የእስክስታ ውበት ያለው ጨፋሪው በእነዚህ በሁለቱ አሰማሞች መካከል በመመላለሱ ላይ ነው። ከበሮው ከባዱን ሲጥል ትከሻ ይመታል፤ በመሐል የቀሩት ቀላል ምቶች መልሰው ያነሡታል። ምቱ በአራት ሲከፈል ያ ማንሻ ይጠፋል። ሰውዬው መዝለል ይችላል፣ እጁን ማውለብለብም ይችላል፣ ትከሻው ግን የሚይዘውን ያጣል።

እንግዲህ «ጂጂ»ን በዚህ ጆሮ እናድምጥ። አልበሙ «ጉድ ፈላ» በተባለው የጭፈራ ዜማ ይከፈትና ምቱ እጅግ በረገበው በ«ዓድዋ» ያልቃል። በመካከል «ባለ ዋሽንቱ» እና «ጉራማይሌ» አሉ። ላስዌል ባሱን ከባድና ዘገምተኛ አድርጎ ከታች ያስቀምጣል፤ ይህ ከጃማይካ ደብ የተወሰደ ልማድ ነው። ከላይ ድምፅዋ ቃላቱን እየቆረጠች፣ ፊደሉን አንዴ ቀድማ አንዴ ዘግይታ ስትጥል፣ የአገር ቤቱን ክፍልፋይ የምትይዘው እሷ ነች። ባሱ በአራት ቢራመድ እንኳ ጉሮሮዋ በሦስት ይሄዳል።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል የሚፈትነው ነገር ተገኝቷል። ላስዌል በ2003 ያንኑ ቅጂ እንደገና ወስዶ፣ ድምፅዋን በእጅጉ ቀንሶና በማሚቶ አርቆ ሌላ አልበም ሠራበት። ባሱ፣ ምቱና መሣሪያው የቀድሞው ነው። በጸጥታ ለሚያደምጥ ሰው ጥሩ ሥራ ነው፤ ጭፈራው ግን ሄዷል። አንድ ዓይነት ቅጂ፣ አንድ ዓይነት አቀናባሪ ሆኖ ድምፁ ሲቀነስ እስክስታው አብሮ ከተቀነሰ፣ ጭፈራውን ተሸክሞ የነበረው ማሽኑ እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አላውቅም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። «ጂጂ» ሲወጣ በአገር ቤት ከተለመደው ዘፈናችን ፈጽሞ ወጣ ተብሎ አከራክሯል። የተቀረጸው በውጭ ሰዎች ነው፣ የተሸጠው ለውጭ ሰው ነው፣ ታዲያ በምን ሒሳብ የጎጃም ይባላል የሚል ክርክር ቀላል አይደለም። ከገንዘብና ከባለቤትነት አንጻር ተገቢም ነው። ከሙዚቃው አንጻር ግን አይጸናም። በ1960ዎቹ መጨረሻ አማኃ እሸቴ አማኃ ሪከርድስን አቋቁሞ ያሳተማቸው ሸክላዎች በሳክስፎን፣ በኤሌክትሪክ ጊታርና በኦርጋን የተሞሉ ነበሩ፤ ዛሬ ማንም ኢትዮጵያዊነታቸውን አይጠራጠርም። በኋላ ካሴት ገጠር ለገጠር ሲዳረስ፣ በየመንደሩ ጠላ ቤትና በየአውቶቡሱ የተሰማው የጎጃም ጭፈራ ራሱ የኪቦርድ ምት ተጨምሮበት የመጣ ነው። መሣሪያው ሲለዋወጥ ችክችካው አብሮ ተሻግሯል፤ እኔም የምከታተለው እሱን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። በዳስ ውስጥ አውጪዋ ጨፋሪውን አይታ ግጥሟን ትለውጣለች፣ ጨፋሪው ሲግል ከበሮ መቺዋ ታፈጥናለች፣ ሲደክም ታበርዳለች። አልበም ይህን አያይም። ፍጥነቱ አንዴ ከተቀረጸ ተቀረጸ ነው፤ ለሁሉም ዳስ፣ ለሁሉም ጉልበት አንድ ነው። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፣ በብልሃትም ሙሉ በሙሉ አይካካስም። ሆኖም አንድ ነገር ከቤተ ክርስቲያናችን አቋቋም መማር ይቻላል። ሊቃውንቱ በዝማሜ ሲጀምሩ ከበሮ የለም፤ መቋሚያው ብቻ ከዜማው ጋር ይወዛወዛል። ከዚያ በመረግድ ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባል፣ በጽፋት ይፈጥናል፣ ጭብጨባ ይጨመራል። ምቱ በደረጃ የሚያድገው በሥርዓት አስቀድሞ ተወስኖ ነው፤ በቦታው ያለ ሰው ሁሉ ግን በዚያው ሰዓት የተወለደ ያህል ይሰማዋል። በስቱዲዮ የሚሠራ ሰውም ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ከበሮውን በሙሉ ጉልበት ከሚለቅ፣ ይህን አነሣስ ቢከተል ዳሱን ይቀርባል። በ«ሰምና ወርቅ» ላይ የሚያስደስተኝ ይኸው ትዕግሥት ነው። የሚያሳዝነኝም አልፎ አልፎ የኤሌክትሮኒክ ድምፁ ተደራርቦ ጭብጨባ የሚገባበትን ክፍተት መድፈኑ ነው፤ በዚህ ረገድ የ2001ዱን አስበልጣለሁ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሰፍቷል። ሚካኤል ሰይፉ በ2016 «ዘላለም» በተባለ ሥራው የአገር ቤት ድምፆችን ከኮምፒዩተር ቅንብር ጋር አዋሐደ። በ2018 ደግሞ ከዲጄነት የተነሣው ሮፍናን ኑሪ «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው የወጣቱ መዝናኛ ሆነ። የሮፍናን ተሰጥኦ ጥያቄ ውስጥ አይገባም። ጥያቄው ከእሱ በኋላ በየከተማው ላፕቶፕ ይዘው ለሚቀመጡት ነው። የማቀናበሪያ ፕሮግራሞቹ ሲከፈቱ ብዙውን ጊዜ ያው በአራት የተከፈለ ሰሌዳ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ወደ ሦስት ክፍልፋይ ለመለወጥ የሚጠይቀው አንድ ትእዛዝ ነው፤ ያን ትእዛዝ ለመስጠት ግን አስቀድሞ ልዩነቱን መስማት ያስፈልጋል። ከጃቢ ጠህናን ወይም ከቡሬ ገጠር የመጣ ልጅ ይህን ከሕፃንነቱ ሰምቶታል፤ ለሰርገኛ ሲጨበጨብ፣ በደቦ በቆሎና ዳጉሳ ሲታረም። የሚጎድለው ቅጂ ነው። የአውጪዎቹ ድምፅ፣ ከበሮው በየወረዳው የሚመታበት ፍጥነት፣ ጭብጨባው ከምቱ የሚቀድምበትና የሚዘገይበት መጠን በጥሩ ማይክሮፎን ተቀርጾ፣ የባለሙያዎቹ ስምና ድርሻ ተመዝግቦ፣ ለአቀናባሪዎች ክፍት ቢሆን ቀጣዩ የጭፈራ አልበም ከቻግኒ አሜሪካ ሳይደርስ ፍኖተ ሰላም ላይ ሊሠራ ይችላል። ለመጀመር የሚያስፈልገው መቅጃ በአንድ ሰው ትከሻ የሚንጠለጠል ነው፤ የሠርጉ ወርም በየዓመቱ ይመጣል።