«ሳልስ የለኝም»

እኒህ እናት ከውጫሌ በሚኒባስ ተሳፍረው ሐይቅ ድረስ መጥተው የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱት የጎረቤት ዓይን ፈርተው ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በዚህ በኩል ሲያልፍ መድኃኒታቸው ተቋርጦ ከርሟል። ተመልሰው ሲመጡ መጀመሪያ የጠየቅኋቸው ስለ ሳል ነበር።

«ኧረ ሲስተርዬ፣ ሳልስ የለኝም። ብርዱ ነው ያደከመኝ» አሉኝ።

ካርዱ ላይ «የለም» ብዬ ልጽፍ ስል ዓይኔ መቀነታቸው ላይ ዐረፈ። ድሮ ሁለት ዙር የሚጠመጠመው ሦስት ዙር ሄዶ ጫፉ ተንጠልጥሏል። ሚዛን ላይ አወጣኋቸው፤ 51 ኪሎ የነበሩት 45 ሆነዋል። ሌሊት ያልብዎታል ወይ ብላቸው ጋቢያቸው ረጥቦ እንደሚያድር ነገሩኝ።

ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበትን ሰው በመጣ ቁጥር አራት ነገር እንጠይቀዋለን፦ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት። ለቲቢ ምርመራ አንዱ ይበቃል። ሳሉም ሁለት ሳምንት እስኪሞላው አይጠበቅም።

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። ሥራ እንደጀመርኩ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት አንድ ወጣት እየከሳ መጣ። አክታው ሁለቴ ተመርምሮ «ኔጌቲቭ» ተባለ፣ ራጁም ደህና ነው ተባለ። አሞክሳሲሊን ሰጥቼ ሸኘሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ካርዱን ይዞ የመጣው ወንድሙ ነበር። ወረቀቱን አምኜ ሰውየውን ሳላይ ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሳንባን የሚቦረቡረው የቲቢ ባክቴሪያ ብቻውን አይደለም፤ ሰውነት ከእሱ ጋር ሲታገል ነው ጉድጓዱ የሚፈጠረው። ባክቴሪያውም በብዛት ወደ አክታ የሚወጣው ከዚያ ጉድጓድ ነው። የሰውነት መከላከያ የሆነው ሲዲ ፎር ሲወርድ ትግሉ ይላላል፣ ጉድጓዱም እምብዛም አይኖርም። በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ እስከ 10,000 የሚደርስ ባክቴሪያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ «ቲቢ የለብህም» ተብሎ የሚሸኘው አቅሙ በጣም የተዳከመው ሰው ነው። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ 130 ገደማ ቢኖርም ያገኘዋል። እሱም ቢሆን አክታ ይፈልጋል፤ እኒህ እናት ግን ዕቃው ውስጥ የተፉት ምራቅ ብቻ ነበር።

የቀረን ቲቢን በሽንት የሚፈልገው ምርመራ ነው። ጥቂት ጠብታ፣ 25 ደቂቃ። መስመሩ ፈዛዛ ነበርና መስኮቱ አጠገብ ወስጄ ከማመሳከሪያው ካርድ ጋር አስተያየሁት። አለ።

ያንኑ ዕለት የስድስት ወሩን ሕክምና ጀመሩ። ሽንትዎ ብርቱካን መልክ ቢይዝ እንዳይደነግጡ፣ ከመድኃኒቱ ነው አልኋቸው።

«አብሽሪ ልጄ፣ ካየሁት አይብስም» አሉ።

ሊነሡ ሲሉ፣ «ቤት ከእርስዎ ጋር የሚተኛ አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የልጄ ልጅ። ሦስት ዓመቷ ነው፣ ከጉያዬ አትወጣም።»

ሐሙስ አዝለዋት መጡ። ጫማዋን አውልቄ ሚዛኑ ላይ አቆምኋት።