ልጅዎ ካምፓስ ሲገባ ስለ ላፕቶፑም ይጠይቁ

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ በሐይቅም ሆነ በአምባሰል የሚሰናዳው ስንቅ ይታወቃል፤ በሶ፣ ብርድ ልብስ፣ ሻንጣ፣ የመሳፈሪያ ገንዘብ። አሁን ላፕቶፕ ተጨምሮበታል። አንዳንዱ ቤተሰብ በግ፣ ሌላው ጊደር ሸጦ ይገዛል። ቅንጦት ነው እንዳንል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ራሱ በኮምፒውተር ነው።

ላፕቶፑ ከተገዛ በኋላ ግን ሌላ ነገር አለ። ልጆቹ ሶፍትዌር የሚሉት፣ ውስጡ የሚጫነው ፕሮግራም ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በውድ ዋጋ የሚሸጡ ስለሆኑ ተማሪው ቁልፉ የተሰበረውን፣ «ክራክ» የሚባለውን፣ ከጓደኛ ፍላሽ ወይም ከሱቅ ያስጭናል። በነርስነት ዘመኔ ከጉሊት የተገዛ፣ ስሙ የማይታወቅ ክኒን ውጦ የመጣ በሽተኛ ብዙ አይቻለሁ። ክራክም ያው ነው፤ ማን እንደነካካው አይታወቅም። የአንድ ጎረቤቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቫይረስ ፋይሎቹን ሁሉ ቆለፈበት። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። የወራት ልፋቱን ሌሊት እየተቀመጠ እንደገና ጻፈው።

ደግነቱ ሕጋዊም ነፃም የሆነ አማራጭ አለ። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ይባላል። አሠራሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም ይገለብጠዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ለሌላው ያካፍለዋል። ይህ ለሐይቅ ሰው እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እውቀት የተስፋፋው መጻሕፍት በእጅ እየተገለበጡ ነው።

ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሥራ ሊብሬኦፊስ አለ፤ በዎርድ የተጻፈውንም ይከፍታል። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስም ነፃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር።

«ነፃ ነገር ምን ጥራት አለው?» የሚል አያት አይጠፋም። የአገራችን ጤና ተቋማት ሪፖርት የሚልኩበት ዲኤችአይኤስ 2 በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ወር በመጣ ቁጥር ከወፍራም መዝገብ በእጃችን እየደመርን ሪፖርት የሠራን ሰዎች ጥቅሙ ይገባናል።

እርግጥ አንዳንድ የትምህርት ክፍል የግድ የሚፈልገው ፕሮግራም ይኖራል። ያን ጊዜ ተማሪው ከመግዛቱ በፊት መምህሩን ይጠይቅ፤ በካምፓሱ የኮምፒውተር ክፍል ተጭኖ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ኔትወርክ ነው። ልጁ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስም ይመደብ ሌላ አገር፣ ለክረምት ሲመለስ ኢንተርኔቱ እንደ ካምፓሱ አይሆንለትም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳውም። ስለዚህ የሚያስፈልገውን ፕሮግራምና መጽሐፍ ካምፓስ ሳለ ያውርድ። ሊብሬኦፊስ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኪዊክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ ውክፔዲያን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጦ ያለ ኔትወርክ ያስነብባል።

እኛ ወላጆችና አያቶች ኮምፒውተር ባናውቅም መጠየቅ አያቅተንም። ልጁ ስልክ ሲደውል «በላህ ወይ? ጤናህስ?» ካልን በኋላ እነዚህን እንጨምር።

ፕሮግራሙን ከየት አመጣኸው? ከባለቤቱ ድረ ገጽ ነው ወይስ ከሰው ፍላሽ?

የካምፓሱን የይለፍ ቃል ለጓደኛ ሰጥተሃል? በጋራ ኮምፒውተር ከሠራህ በኋላስ ዘግተህ ትወጣለህ?

ጽሑፍህ ስንት ቦታ ተቀምጧል? መልሱ «ላፕቶፔ ላይ ብቻ» ከሆነ፣ በሚቀጥለው ስንቅ ከበሶው ጋር አንድ ፍላሽ ይላኩለት።