የሊጡ ተሐዋስያንና የሕፃኑ አጥሚት

ሊጥ የምታቦካ እናት እርሾውን ስትጨምር በዓይን የማይታይ ታላቅ ሠራዊት ታሰማራለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1676 ሆላንዳዊው ሌወንሁክ በማጉያ መስታወት እነዚህን ጥቃቅን ተሐዋስያን በውሃ ውስጥ አየ፤ በ1857ም ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ወተትን የሚያኮመጥጡት እነርሱ መሆናቸውን ገለጠ።

አፍም ሆድም የሌለው ፍጥረት እንዴት ይበላል? በጤፉ ውስጥ ያለው ስታርች ለእነርሱ እንደ ቋጥኝ ነው፤ በገላቸው ሽፋን ሊያልፍ አይችልም። አስቀድሞ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ኤንዛይም ወደ ስኳር ይሰብረዋል፤ ስኳሩም በውሃ ሟሙቶ ይገባላቸዋል። ሻጋታ ግን የራሱን ኤንዛይም በእንጀራው ላይ እያፈሰሰ፥ ከውጭ ፈጭቶ ይመጠዋል። እንግዲህ ምግባቸው ሁሉ በውሃ ተሟሙቶ የሚገባ ስለ ሆነ፥ ውሃ ካጡ መብላት አይቻላቸውም። ደረቅ ሽሮና ቋንጣ የሚቆዩት ስለዚህ ነው። ማርም ፈሳሽ መስሎ ሳለ የማይበላሸው፥ ስኳሩ ውሃውን አጥብቆ ይዞ ስለማይለቅላቸው ነው። (ጠጅ የምትጥል ሴት ማሩን በውሃ የምትበጠብጠው በከንቱ አይደለም።)

ሊጡ ሲቦካ ከስኳሩ አሲድ ይወጣል፤ ይህም በሽታ የሚያመጡትን አብዛኞቹን ያግዳል። ሻጋታ ግን አሲዱን ታግሦ፥ አየርና እርጥበት ካገኘ በሦስት በአራት ቀን እንጀራው ላይ ብቅ ይላል።

አጥሚት ግን እንደ ሊጥ አይደለም። አልኮመጠጠም፤ ውሃው ብዙ ነው፤ እህሉም በስሎ ለስልሷል። አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም፥ በማለዳ የተፈላ የሕፃን አጥሚት ቤተ ሰቡ ከቅዳሴ እስኪመለስ ምድጃ አጠገብ ለብ እንዳለ ቆየ። ማታ አሙቀን ሰጠነው። ልጁ ሌሊቱን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው አደረ፤ ሲነጋ ዓይኖቹ ጎድጉደው ነበር። እኛም ይህንኑ ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ስንጽፍ የኖርን መምህር ነን!

ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ እንደየዓይነታቸው ይራባሉ። ሁሉ ከተመቻቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት የሚከፈሉ አሉ፤ አንዱ በ7 ሰዓት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ይሆናል። «አሙቀነው ነበር» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም። አንዳንዶቹ መፍላትን የሚችል እንደ ዘር ያለ ቅርፊት ይሠራሉ፤ ምግቡ ለብ ሲል ይበቅላሉ። ሌሎቹ እሳት የማያጠፋውን መርዝ ትተው ይሞታሉ። ማቀዝቀዣም ቢሆን ያዘገያቸዋል እንጂ አይገድላቸውም።

ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ፈጥኖ ተወስዶ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ በማንኪያ በማንኪያ ተሰጠው፤ በሦስተኛው ቀን መጫወት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን አጥሚት የሚፈላው በትንሿ ድስት፥ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው፤ ሁለት ሰዓት ያለፈው ይደፋል። አያትየው እህል መድፋት ነውር ነው ብለው እስከ ዛሬ ያጉረመርማሉ።