ቡቺ ቢወድቅ ማንም አይከተለውም
ውሻንና ልጅን ይዞ በረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ

ከቤት ልንወጣ ስንል ወንድሜ የዘጠኝ ዓመት ልጁን ወንበር ላይ አስቀመጠና ጠየቀው።

«በረዶው ተሰብሮ ቡቺ ውኃ ውስጥ ቢገባ ምን ታደርጋለህ?»

«ሮጬ አወጣዋለሁ!» አለ ልጁ ሳያመነታ።

«እንግዲያው ቡቺ ቤት ይቀራል።»

ልጁ እንባው መጣ። እኔም አክስት አይደለሁ? ጣልቃ ልገባ ቃጣኝ። ዓሣ ለማጥመድ በደስታ ለሚዘጋጅ ልጅ በጠዋቱ ይህ ይነገራል? ወንድሜ ግን ልጁ «አልከተለውም፤ አንተን እጠራለሁ» እስኪል ድረስ ከቦታው አልተነሣም። ቡቺም ጭራውን እየቆላ መኪናው ውስጥ ገባ።

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ወንድሜን ልጠይቅ በሄድኩበት ጊዜ ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች ያገራችን ሰው ብዙ ስለሆነ እንጀራውም ቡናውም አይቸግርም። የሚቸግረው ብርዱ ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን እኔ ከቤት ላለመውጣት ምክንያት ስፈልግ፣ የአካባቢው ሰው ከነልጁ ከነውሻው ሐይቁ ላይ ይወጣል። «ወራቱን ሙሉ ቤት ተዘግቶ አይኖርም» ይላል ወንድሜ።

እማዬ በስልክ ስትሰማ «ውሻ ደግሞ ሽርሽር ይሄዳል እንዴ?» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው፤ እኛ ያደግነው ውሻ ግቢ ሲጠብቅ እያየን ነው። ቡቺ ግን ላብራዶር ነው፤ ውኃና ዓሣ ሲያይ ደስታው ወሰን የለውም።

ሐይቁ ላይ

የሄድነው ከሚኒያፖሊስ በስተምዕራብ ወደሚገኘው ሚኔቶንካ ሐይቅ ነው። ሐይቅ በረዶ የሚሆነው ከላይ ጀምሮ ነው። ከሥር ያለው ውኃ 4 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ዓሣው እዚያው ይኖራል። አጥማጁ በመሰርሰሪያ አንድ ስንዝር የምትሰፋ ቀዳዳ በስቶ፣ ባልዲውን ገልብጦ ይቀመጥና አጭር ዘንጉን ይዞ ይጠብቃል። ቡቺ አፍንጫውን ቀዳዳዋ ላይ ደቅኖ ከሁላችንም በላይ በትዕግሥት ጠበቀ። የመጀመሪያዋ ዓሣ ስትወጣ የጮኸው ጩኸት ሌሎቹን አጥማጆች ሁሉ አሳቃቸው።

ደስታው ግን የሚጀምረው በረዶውን ከመለካት ነው። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት እንደሚመክረው፣ ለእግረኛ አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር መወፈር አለበት። ነጣ ያለና በበረዶ ብናኝ የተሠራ ከሆነ የዚያ እጥፍ ያስፈልጋል። አንድ ቦታ ወፍራም የሆነው ሌላ ቦታ ሊሳሳ ስለሚችል በየ45 ሜትሩ እንደገና መለካት ይገባል። ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ የሚባል በረዶ የለም።

ወንድሜ ልጁን ያስጨነቀበት ምክንያትም እዚህ ላይ ነው። የቡቺን 30 ኪሎ መሸከም ያቃተው በረዶ የአባትየውን 80 ኪሎ ሊሸከም አይችልም። ውሻውን ሊያድን የሮጠ ሰው ራሱ ሰጥሞ ይቀራል። መደረግ ያለበት ከጠንካራው በረዶ ሳይወጡ ውሻውን በስሙ መጥራትና ወዲያውኑ 911 መደወል ነው። ቡቺም ጀርባው ላይ እጀታ ያለው የውሻ ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሷል።

ድንኳኑ ውስጥ

ብርዱ ሲጠና ትንሽ ድንኳን ተክለን የጋዝ ማሞቂያ ለኮስን። እዚህ ላይ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ በተዘጋ ቤት ከሰል የሚያደርሰውን ሁላችንም እናውቃለን። የጋዝ ማሞቂያም ያንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያመነጭ ስለሚችል የድንኳኑ አየር ማስገቢያ ክፍት ይሆናል፤ ጠቋሚ መሣሪያም ይሰቀላል። ማሞቂያው ውሻው በጭራው መትቶ በማይገለብጠው ቦታ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ጠላት መንጠቆ ነው። የዓሣ ሽታ ያለበት መንጠቆ ለውሻ ምግብ ነው። ስለዚህ ሥራ ላይ ያልዋለ መንጠቆ ሁሉ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ይገባል። መስመሩን ለማክበድ የሚታሰረው እርሳስ ደግሞ ከተዋጠ ይመርዛል። ውሻው መንጠቆ ከዋጠ ክሩን መጎተት የባሰ ይጎዳዋል፤ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው።

ብርዱ ቶሎ የሚጎዳው ጆሮውን፣ የጭራውን ጫፍና መዳፉን ነው። በጣቶቹ መካከል በረዶ ይጋገርበታል፤ ጫማ ማልበስ ወይም እየደጋገሙ ማጽዳት ያስፈልጋል። የሚተኛበት ምንጣፍና ለብ ያለ የሚጠጣ ውኃም ይያዝ። መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወይም አንድ እግሩን እያነሣ ከቆመ፣ ዓሣው ቢቀርም ወደ ቤት መመለስ ነው።

ቃሉ ሲፈተን

ከሰዓት በኋላ ዕቃ ስንሰበስብ ወንድሜ የቡቺን ማሰሪያ ፈታው። «ትንሽ ይሩጥ» ብሎ ነው። በዚያው ቅጽበት አንድ ወፍ ተነሣች፤ ቡቺም ተከተላት። የሮጠው ሐይቁን ከሐይቁ ወደሚያገናኘው ድልድይ ነበር። ድልድዩ ሥር ውኃው ስለሚንቀሳቀስ በረዶው ስስ ነው።

ከሁላችን ቀድሞ ያየው ልጁ ነው። አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ከዚያ ቆመ። እግሮቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ «አባ! ቡቺ! ቡቺ፣ ና!» አለ። ድምፁ ውስጥ ልቅሶ ነበረበት። ወንድሜ የዓሣውን ባልዲ አንሥቶ አንኳኳ። ቡቺ ቆመ፤ ወፏን አየ፤ ባልዲውን አየ። ከዚያም ምንም እንዳልተፈጠረ እየሮጠ መጣ።

ወንድሜ ልጁን አቅፎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «አንተ ቃልህን ጠበቅህ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለው በመጨረሻ። «ማሰሪያውን መፍታት አልነበረብኝም።»

ማታ ዓሣው ተጠብሶ በአዋዜ ቀረበ። ልጁ ብዙም አልበላ፤ ጠረጴዛው ሥር ከቡቺ ጋር ተኝቶ ነበር።

እኔ ጠዋት ጭካኔ የመሰለኝ ጥያቄ ማታ ላይ ሌላ ሆኖ ታየኝ። ወደ ላንጋኖም ሆነ ወደ ቢሾፍቱ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትወጡ፣ ምሳ ዕቃው ከመታሰሩ በፊት ያችን ከባድ ወሬ አውሩ። ልጅ በድንጋጤ ሰዓት የሚያደርገው ቀድሞ ቤት የተነጋገራችሁትን ነው።