ለዕዳ የሚቆረጥ ደመወዝ ጣሪያ አለው፤ ወለሉ ግን ጠፍቷል

ፍርድ ቤት ለአንድ ድርጅት «ከሠራተኛችሁ ደመወዝ በየወሩ እየቀነሳችሁ ለፍርድ ባለመብቱ ክፈሉ» የሚል ትዕዛዝ ሲልክ ወረቀቱ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ሂሳብ ክፍል ነው። ሠራተኛው ስንት እንደሚቆረጥበት የሚረዳው ብዙውን ጊዜ ደመወዙ ጎድሎ ሲደርሰው ነው። የቤት ኪራዩ አልቀነሰ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ አልቀነሰ፣ ገቢው ብቻ ቀነሰ። ዕዳ መከፈል እንዳለበት አያከራክርም። ማወቅ ያለብን ከደመወዝ ላይ እስከ ምን ድረስ መቁረጥ እንደሚቻልና ለሠራተኛው ምን መትረፍ እንዳለበት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 ሁለት ነገሮችን ይደነግጋል። የመጀመሪያው፣ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከሌለ፣ ሠራተኛውም በጽሑፍ ካልተስማማ፣ አሠሪ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ አይችልም። የገንዘብ ያዥ ሂሳብ ጎደለ ተብሎ በሥራ አስኪያጅ ቃል ብቻ የሚቆረጥ ደመወዝ ከዚህ ድንጋጌ ጋር ይጋጫል። ሁለተኛው፣ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ገንዘብ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። «በአንድ ጊዜ» የሚለው ቃል ክብደት አለው። እንደ እኔ ንባብ፣ የፍርድ ቤቱ ትዕዛዝም ሠራተኛው ፈርሞ የፈቀደው የቁጠባና ብድር ማኅበር ተቆራጭም በአንድ ጣሪያ ሥር ይደመራሉ። ባለገንዘብ በበዛ ቁጥር አዲስ አንድ ሦስተኛ አይከፈትም።

ጣሪያው ጥሩ ነው። ችግሩ ለሁሉም እኩል የሆነ መጠን ሁሉንም እኩል አለመጉዳቱ ነው። የሁለት ሠራተኞችን ፔይሮል በምሳሌ እንይ። አንደኛዋ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ፣ ወርኃዊ ደመወዟ 2,400 ብር ነው እንበል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት 60 ብር ግብርና 168 ብር የጡረታ መዋጮ ሲነሳ 2,172 ብር ይቀራል። ለዕዳ ከጥቅል ደመወዟ አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም 800 ብር ሲቆረጥ እጇ ላይ የሚደርሰው 1,372 ብር ነው። ሁለተኛው 30,000 ብር የሚከፈለው ባለሙያ ነው። 8,450 ብር ግብር፣ 2,100 ብር ጡረታና 10,000 ብር ዕዳ ከፍሎም 9,450 ብር ይዞ ይወጣል። እሱ ወጪውን አጥፎ ወሩን ይገፋዋል። እሷ ግን ቀድሞም ከእጅ ወደ አፍ ነበረች፤ አሁን ለአፍም አልበቃም።

እዚህ ላይ ሌላ ክፍተት አለ። አዋጁ «የወር ደመወዝ» ይላል እንጂ ከግብርና ከጡረታ በፊት ያለውን ይሁን በኋላ ያለውን አይለይም። አንድ ሦስተኛው ከተጣራው 2,172 ብር ላይ ቢሰላ ተቆራጩ 724 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 76 ብር ነው። ለዚህች ሠራተኛ 76 ብር ቀላል አይደለም።

ተቆራጩ ዝቅተኛ ተከፋይን ይበልጥ እንደሚጎዳ ሕግ አውጪው ቀድሞ ያውቅ ነበር። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 404 ለፍርድ ማስፈጸሚያ የማይያዙ ንብረቶችን ይዘረዝራል። የባለዕዳው ቤተሰብ ልብስ፣ መኝታና ማብሰያ ዕቃ፣ የሙያው መሣሪያ፣ የጡረታ አበል፣ ቀለብ፣ እንዲሁም የደመወዙ ሁለት ሦስተኛ አይነኩም። ከዚያም ደመወዙ በቀን ከሁለት ብር የማይበልጥ ከሆነ ጭራሽ አይነካም ይላል። ይህ ወለል ነው። አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም በሚመነዘርበት በዚያ ዘመን፣ በቀን ሁለት ብር የሚያገኝ የቀን ሠራተኛ ከነሙሉ ደመወዙ ይጠበቅ ነበር። ዛሬ ሁለት ብር አንድ ዳቦ አይገዛም። ቁጥሩ ሕጉ ውስጥ እንደተጻፈ አለ፤ የሚጠብቀው ሠራተኛ ግን የለም። በወር ሲሰላ 60 ብር ገደማ ነውና።

ከግብር ሕጉ ጋር ስናስተያየው ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በ2017 የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። መንግሥት 2,000 ብር የሚያገኝ ሰው ለግብር የሚተርፈው ነገር የለም ብሎ ተቀብሏል ማለት ነው። የዚያኑ ሰው ደመወዝ ለዕዳ የሚይዘው ሕግ ግን እስከ 60 ብር ድረስ ብቻ ድሃ ነው ይለዋል። ለግል ድርጅቶች የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ መጠን በሌለበት አገር ይህ ወለል መጥፋቱ እጥፍ ጉዳት ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት ያዙት? ጀርመን ከደመወዝ ላይ ለዕዳ የማይነካውን መጠን በየዓመቱ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ትከልሳለች። ክለሳውም ከገቢ ግብር ነፃ ከሆነው መጠን ጋር የተያያዘ ነው። አንዱ ሲነሳ ሌላው አብሮ ይነሳል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ወለሉ በሰዓት ዝቅተኛ ደመወዝ ሠላሳ እጥፍ ይሰላል። ያ ደመወዝ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ስለቆመ ወለሉም በሳምንት 217 ዶላር ከ50 ሳንቲም ላይ ቆሟል። የኑሮ ውድነትን ተከትሎ የማይንቀሳቀስ ወለል በሀብታም አገርም ይሰምጣል።

ባለገንዘቡስ? እሱም ሰው ነው። ዕቃ በዱቤ ሰጥቶ ያልተከፈለው ባለሱቅ አለ። ቀለብ የተፈረደላት እናት ስትሆን ደግሞ ከአባት ደመወዝ የሚቆረጠው ገንዘብ ራሱ የልጅ እንጀራ ነው። ስለዚህ ቀለብ ከተራ የንግድ ዕዳ ጋር አንድ ላይ መታየት የለበትም፤ ቅድሚያ ይገባዋል። ለቀረው ዕዳ ግን ወለል ማስቀመጥ ባለገንዘቡንም ይጠቅማል። ለታክሲና ለምሳ የሚሆን ያጣ ሠራተኛ ሥራውን ይለቃል፤ ሥራውን ሲለቅ ተቆራጩም አብሮ ይቆማል።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ሠራተኛው በእጁ ያለውን መብት ይጠቀም። ደመወዙ ጎድሎ ሲያገኝ የትዕዛዙን ግልባጭ ጠይቆ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የተፈረደውን ጠቅላላ ገንዘብ ያንብብ። አሠሪው የተቆረጠውን መጠንና ዓይነት በመዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበትና በየወሩ የተከፈለውን ይደምር፤ ዕዳው ካለቀ በኋላ የቀጠለ ተቆራጭ እንዳይኖር። ከአንድ ሦስተኛ ካለፈ ለአፈጻጸም ችሎቱ በጽሑፍ ያመልክት፤ የቤተሰቡን ብዛትና የቤት ኪራይ ውሉንም ያቅርብ። አሠሪው ያለ ሥልጣኑ ቆርጦ ከሆነ ጊዜ አይስጥ። የደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ፊርማን መጠበቅ ነው። በአገራችን የብዙ ሰው ደመወዝ የሚያዘው በራሱ ዕዳ ሳይሆን በዋስትና ነው። ጓደኛ ሥራ ሲቀጠር ወይም ብድር ሲወስድ «የደመወዝህን ደብዳቤ አምጣልኝ» ይላል፤ እምቢ ማለት ይከብዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋስ የሚሆንበት ከፍተኛ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ስለዚህ መጠኑ በቁጥር ይጻፍ። ውሉ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ከሆነ ባለገንዘቡ ዋናውን ባለዕዳ ሳይነካ ዋሱን በቀጥታ መክሰስ ይችላል። የከፈለ ዋስ ገንዘቡን ከዋናው ባለዕዳ የመጠየቅ መብት ስላለው ደረሰኞቹን ይያዝ።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሊያደርገው የሚገባው ብዙ አይደለም። «በቀን ሁለት ብር» የሚለውን ሐረግ ከግብር ነፃ ከሆነው የወር ደመወዝ ጋር ማያያዝ፣ ከቀለብ በቀር የትኛውም ተቆራጭ የሠራተኛውን የተጣራ ገቢ ከዚያ በታች እንዳያወርደው መደንገግ፣ አንድ ሦስተኛውም ከተጣራ ደመወዝ ላይ እንዲሰላ ግልጽ ማድረግ። ይህ ቢሆን ከምሳሌያችን ሠራተኛ ደመወዝ በወር የሚቆረጠው 800 ሳይሆን 172 ብር ይሆናል። ዕዳዋ ይዘገያል እንጂ አይሰረዝም። ግብር ለመሰብሰብ ሲባል ድሃን የለየ መንግሥት፣ ዕዳ ለማስከፈልም በዚያው መለኪያ ሊለየው ይገባል።